«አፕግሬድ»፦ ማሻሻል ነው ወይስ ሽግግር?

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ በሚገኝ ቢሯችን፣ በአነስተኛ መሣሪያዎች ውስጥ ስለሚገጠም የዌብ ሰርቨር ላይብረሪ (ፕሮግራም ጸሐፊዎች በሥራቸው ውስጥ የሚያስገቡት ዝግጁ ኮድ) የተጻፈ መመሪያ ወደ አማርኛ እየመለስን ነው። ዌብሶኬትን፣ ማለትም ብራውዘርና ሰርቨር በአንድ ክፍት መስመር ሁለቱም በፈለጉ ጊዜ መልእክት የሚላላኩበትን ደንብ፣ በሚመለከተው ምዕራፍ ባልደረባዬ «አፕግሬድ የተደረገ ግንኙነት» የሚለውን «የተሻሻለ ግንኙነት» ብሎታል፤ እኔን ግን ቃሉ ጎረበጠኝ። ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ መጎርበጡ ተገቢ ነው። «ማሻሻል» የምንለው ነገሩ ያው ሆኖ ጉድለቱ ሲታረም ነው፤ የማሻሻያ አዋጅ ሲወጣ ዋናው አዋጅ እንደጸና ይቀጥላል። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው የዌብሶኬት ደንብ የሚሆነው ግን ሌላ ነው። ብራውዘሩ ድረ ገጾች በሚጠየቁበት በተለመደው ደንብ፣ በኤችቲቲፒ፣ ወደ ዌብሶኬት እንለፍ የሚል ጥያቄውን ያቀርባል፤ ሰርቨሩ ከተስማማ በቁጥር 101 ይመልሳል፤ ከዚያ በኋላ በዚያው የቲሲፒ መስመር ላይ ኤችቲቲፒ የሚናገር የለም። መስመሩ አልተቆረጠም፣ የሚነጋገሩበት ቋንቋ ግን ተለወጠ። (በነገራችን ላይ ይህ የመነሻ ጥያቄና መልስ የሚጠራበትን «ሃንድሼክ»ን «እጅ መንሻ» ብላችሁ እንዳትመልሱት አደራ፤ ያ ለሹም የሚቀርብ ስጦታ ነው።) ስለዚህ «ሽግግር» ይሻላል፤ ከ1983 እስከ 1987 ዓ.ም. የነበረውን መንግሥት «የሽግግር» ስንለው የቀድሞውን ሥርዓት አሻሻለ ማለታችን አልነበረም።

ይሁንና ምዕራፉ ፕሮግራሙ ግንኙነቱን ስለሚይዝበት መንገድ ከሆነ፣ ከሽግግሩ ይልቅ የሚከብደው ላይብረሪው ሶኬቱን (በመስመሩ የሚነበብበትንና የሚጻፍበትን ጫፍ) ለፕሮግራሙ የሚሰጥበት ቅጽበት ነው፤ ለዚህም የንብረት ክፍሎች «ርክክብ» የሚሉትን ቃል የሚተካከል አላገኘሁም። ግምጃ ቤት ቆጥሮ ያልተረከበ ሰው በኋላ ጉድለቱን ማን ላይ ሊያላክክ ይችላል? ላይብረሪው የጥያቄውን ራስጌ (ከፊት የሚመጡትን የመግለጫ መስመሮች) ሲያነብ፣ ደንበኛው፣ ማለትም ብራውዘሩ፣ መልስ ሳይጠብቅ ቸኩሎ የላካቸው ባይቶች ካሉ እነርሱንም አብሮ አንብቦ ሊሆን ስለሚችል፣ ከሶኬቱ ጋር ማስረከብ አለበት፤ ፕሮግራሙም ከሶኬቱ ከማንበቡ በፊት እነዚያን ካላነሳ የመጀመሪያው መልእክት አናቱን አጥቶ ይደርሰዋል። ሊብማይክሮኤችቲቲፒዲ በተባለው ላይብረሪ ደግሞ ፕሮግራሙ ሲጨርስ ሶኬቱን በገዛ እጁ አይዘጋም፤ መጨረሱን ለላይብረሪው ያሳውቃል፣ የሚዘጋው ላይብረሪው ነው። ይህን እኔ «መልሶ ማስረከብ» እለዋለሁ።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ፤ «የተሸጋገረ ግንኙነት» ብዬ አርሜዋለሁ። «ሶኬት»ስ? ፒያሳ ያሉ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቆች ሶኬት የሚሉት ግድግዳ ላይ ያለውን ነው።

መልስ፦ እንዳለ ይተዉት። ይህን ምዕራፍ የሚከፍት አንባቢ ፍሪጅ ሊሰካ አይመጣም።