4 ኪሎዋት የጀልባ ጀነሬተር የመጥለቂያ አየር ኮምፕረሰር ይችላል?

ባለሸራ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሸራ ጀልባዬ ላይ 4 ኪሎዋት የናፍጣ ጀነሬተር አለ፤ 230 ቮልት፣ በደቂቃ 3000 ዙር፣ ድምፅ ማፈኛ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ። በደቂቃ 100 ሊትር የሚሰጥ የመጥለቂያ ሲሊንደር መሙያ ኮምፕረሰር ልጨምርበት ነው። ከ2.2 ኪሎዋት ባለ አንድ ፌዝ ሞተር ጋር ነው የሚመጣው። በሶኬት ላስነሳው ወይስ ሞተሩን ትቼ በቺንጋ ከጀነሬተሩ ላዙረው?

ዲናሞ፦
ከተነሳ በኋላ ይችለዋል፤ ችግሩ መነሳቱ ላይ ነው። ያ ሞተር ሲሠራ 13 አምፒር ገደማ ይስባል፣ ሲነሳ ግን ከ5 እስከ 7 እጥፍ። የጀነሬተርዎ አቅም 17 አምፒር ነው። ሞተሩ እያጉረመረመ ይቆማል፣ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ብሬከሩ ይመታል፤ ደጋግመው ከሞከሩ መነሻ ካፓሲተሩ ይቃጠላል።

ሶፍት ስታርተር (ሞተሩን ቀስ አድርጎ የሚያስነሳ መሣሪያ) ያግዛል፤ ግን የመነሻውን ጉልበትም ስለሚቀንስ የኮምፕረሰሩን የውሃ ማውጫ ቫልቮላዎች ከፍተው ባዶውን ማስነሳት ግድ ነው። ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር በፍሪኩዌንሲ ድራይቭ (የሞተሩን ፍጥነት በሚቆጣጠር መሣሪያ) የሚሉም አሉ። የድራይቩን ታርጋ ግን ያንብቡ፤ 2.2 ኪሎዋቱ በአንድ ፌዝ ሲገባለት ብዙ ጊዜ ከ20 አምፒር በላይ ይጠይቃል። በሶኬት ከሆነ ምርጫዎ ከዚህ ተለቅ ያለ ጀነሬተር ነው።

ናፍጣ፦
ስለዚህ ቺንጋ። ኤሌክትሪኩን ትተው የናፍጣ ሞተሩን ጉልበት በቀጥታ ይወስዳሉ። መጀመሪያ የጀነሬተሩ መመሪያ ከክራንክሻፍቱ (ከሞተሩ ዋና ዘንግ) ጫፍ በጎን ስንት ኪሎዋት መውሰድ እንደሚፈቅድ ይዩ። ካልፈቀደ ይተዉት፤ የጎን ጭነት ኩሽኔታውንና የዘይት ሲሉን ይበላል።

ከፈቀደ፣ የፑሊው (ቺንጋው የሚጠመጠምበት ክብ ብረት) ሂሳብ ቀላል ነው። ለምሳሌ የኮምፕረሰሩ ፑሊ 240 ሚሊሜትር ሆኖ 1200 ዙር የሚፈልግ ከሆነ፣ የሞተሩ ፑሊ 240 × 1200 ÷ 3000 = 96 ሚሊሜትር ይሆናል። መሃል ላይ 12 ቮልት ኤሌክትሮማግኔቲክ ፍሪሲዮን ያስገቡ፣ ኮምፕረሰሩ ሲያስፈልግ ብቻ እንዲዞር። ቻርጀሩንና ሌላውን ጭነት አጥፍተው፣ ቫልቮላዎቹ ክፍት እያሉ ፍሪሲዮኑን ይያዙ፤ በግፊት ላይ ከያዙት ተንሸራቶ ይጋያል። የመዞሪያ አቅጣጫውን የሚያሳየውን ቀስትም አይርሱ፤ ማራገቢያው ወደ ኋላ ከዞረ የኮምፕረሰሩ ሲሊንደሮች ይግላሉ።

ባለሸራ፦
ኮምፕረሰሩን ከጀልባው አካል ጋር በቡሎን ባስረውስ? ሳጥኑ ውስጥ ቦታ የለም።

ናፍጣ፦
አይሆንም። ጀነሬተሩ በጎማ ላይ ነው የቆመው፤ ሲነሳና ሲጠፋ ጥቂት ሚሊሜትር ይወዛወዛል። ኮምፕረሰሩ ደርቆ ከታሰረ ቺንጋው ወይ ይዘላል ወይ ጠርዙ ይበላል። ሁለቱም አንድ የብረት ፍሬም ላይ ሆነው ጎማው ከፍሬሙ ሥር ይግባ። ጎማዎቹንም ለአዲሱ ክብደት ይቀይሩ። ቺንጋው በጣት ሲጫኑት በሁለቱ ፑሊ መካከል በየ100 ሚሊሜትሩ 1.5 ሚሊሜትር ያህል ይርገብ፤ ርቀቱ 300 ከሆነ ከ4 እስከ 5። ሳጥኑን ማስፋት ይኖርብዎታል፤ ኮምፕረሰሩ የራሱ ቀዝቃዛ አየር ካላገኘ ፊልትሮው ውስጥ ያለው ማድረቂያ ከግምቱ በጣም ቀድሞ ያልቃል።

ጠላቂ፦
ስለ ጉልበት ብዙ ተባለ፣ ስለሚተነፈሰው አየር ማንም አላነሳም። የኮምፕረሰሩ አየር መሳቢያ ከሞተሩ ክፍል ፈጽሞ አይውሰድ። ቱቦውን ምሰሶው ላይ ከፍ አድርገው ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ይስቀሉት፤ ጭስ ማውጫው በተቃራኒ ይሁን። ጀልባዋ በመልህቅ ላይ ስትዞር ነፋሱም ይቀየራል፣ እየሞሉ ይከታተሉ። የአውሮፓው ኢኤን 12021 ስታንዳርድ ለካርቦን ሞኖክሳይድ የሚፈቅደው 5 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 5 እጅ) ብቻ ነው፤ 30 ሜትር ጥልቀት ላይ ደግሞ ሰውነት የሚያገኘው 4 እጥፍ ነው። የካርቦን ሞኖክሳይድ መለኪያ ከፊልትሮው በኋላ ይግጠሙ።

ባለ 12 ሊትር ሲሊንደር ከባዶ እስከ 200 ባር 24 ደቂቃ ይፈጃል፤ በየ10 እስከ 15 ደቂቃው ኮምፕረሰሩ ውስጥ የተጠራቀመውን ውሃ ያፍስሱ። ጀልባዋ በሸራ አጋድላ ስትሄድ አያስነሱት፤ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ይሸሽና ፒስተኑ ይደርቃል።