ቴሌስኮፕ ከክለብ ተውሶ የሚያውቅ አለ?

ጥያቄ (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)
ሰላም ለሁላችሁ። የአስር ዓመት ልጄ የሳተርንን ቀለበት በዓይኔ ካላየሁ ብላ ይዛኛለች። ልግዛላት ብዬ ነበር፤ ርካሹን ሁሉም ሰው አትግዢ ይለኛል፣ ደህናው ደግሞ ዋጋው አይቀመስም፣ ያውም ከወር በኋላ ትሰልቸው አትሰልቸው ሳላውቅ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የአማተር አስትሮኖሚ ክለቦች ያውሳሉ አለችኝ። እውነት ነው? ምንም የማያውቅ ሰው ሄዶ ቢጠይቅ ይሰጡታል? ቢበላሽብኝስ? የምንኖረው አፓርታማ ነው፣ ትንሽ በረንዳ አለን።

የክለብ አባል፣ ፌርፋክስ
እውነት ነው እህቴ። የሰሜን ቨርጂኒያ አስትሮኖሚ ክለብ፣ በአጭሩ ኖቫክ የሚባለው፣ ለአባላቱ የሚያውሰው ቴሌስኮፕ አለው። አባል መሆን ግድ ነው። ግን ከውሰቱ በፊት ልጅሽን ይዘሽ ለሕዝብ ክፍት ወደሆነ የምልከታ ምሽት ሂጂ። ክሮኬት ወይም ስካይ ሜዶውስ በሚባሉት ፓርኮች ያዘጋጃሉ፣ ቀኑን ድረ ገጻቸው ላይ እዪ። እዚያ የተለያየ ዓይነት ቴሌስኮፕ በአንድ ምሽት ታያላችሁ፣ ባለቤቶቹም ልጅ ሲጠይቃቸው ደስ ይላቸዋል። የስልክ መብራት ግን እንዳታበሩ፣ ጨለማ የለመደ ዓይን አንዴ ከተረበሸ ለመመለስ ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል። ቀይ መብራት ያዙ።

በውሰት ስትወስጂ ትልቁን አትምረጪ! ከባድ ቴሌስኮፕ ጥግ ላይ ቆሞ ነው የሚመለሰው። ዶብሶኒያን የሚሉትን ጠይቂ፣ መሬት ላይ ተቀምጦ በእጅ ብቻ ወደ ላይና ወደ ጎን የሚገፋውን። የመስታወቱ ስፋት 6 ኢንች ከሆነ ለእናንተ ከበቂ በላይ ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ
ቤተ መጻሕፍትም ጠይቂ። እ.ኤ.አ. በ2008 የኒው ሃምፕሻየር አስትሮኖሚ ክለብ ቴሌስኮፕ እንደ መጽሐፍ በቤተ መጻሕፍት ካርድ እንዲወጣ ማድረግ ጀመረና ወደ ሌሎች ስቴቶችም ተዛመተ። በየቦታው ስለሌለ መጀመሪያ ደውለሽ አረጋግጪ። የተለመደው መስታወቷ 4.5 ኢንች የሆነች ትንሽ ዶብሶኒያን ናት፣ ጠረጴዛ ላይ ትቀመጣለች፣ የምታዪበት ሌንስም እንዳይጠፋ እዚያው ታስሯል። ሌንሱን በማዞር ከ19 እስከ 56 ጊዜ ታጎላለች። በ56ቱ የሳተርን ቀለበት ትንሽ ሆኖ ግን ጥርት ብሎ ይታያል፣ የጁፒተር አራቱ ትልልቅ ጨረቃዎችማ በ19ኙም አይጠፉም። ለእናንተ በረንዳ እሷ ትሻላለች ባይ ነኝ።

ወደ ዲሲ ከመጣሽ ደግሞ ሮክ ክሪክ ፓርክ ከሚያዝያ እስከ ኅዳር በወር አንዴ በነፃ ያሳያሉ፣ ሰማዩ ከጠራ።

የዶብሶኒያን ባለቤት፣ አትላንታ
መበላሸትን በተመለከተ፤ ስትረከቢ እነሱ ፊት ራስሽ ገጣጥሚውና ፍቺው፣ ሳጥኑ ውስጥ ያለውንም ዕቃ ሁሉ ፎቶ አንሺ። በሌንስ ክዳን መጣላት አያስፈልግም። ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ወድቆ ሳይሆን ተወልውሎ ነው። መስታወቱ ላይ አቧራ ብታዪ ተዪው፣ ለምስሉ ምንም አይለውጥም፣ በጨርቅ ከነካሽው ግን ይጫራል። ጤዛ ከያዘው ቤት አስገብተሽ ክዳኑን ሳትገጥሚ እስኪደርቅ ጠብቂ። ዒላማ መፈለጊያዋን ቀይ ነጥብ ማጥፋት አትርሺ፣ ትንሿ ባትሪ ታልቃለች። ከሁሉ በላይ ግን ቀን ቀን ቴሌስኮፑ ተከድኖ ልጅ በማይደርስበት ይቀመጥ። በቴሌስኮፕ ፀሐይን አንዴ ማየት ዓይን ያጠፋል፣ ይህን ለልጅሽ ደጋግመሽ ንገሪያት።

በረንዳው ችግር የለውም፣ የከተማ መብራት ፕላኔትን አይከለክልም። ግማሽ ሰዓት ቀድመሽ አውጪው፣ የመስታወቱ ሙቀት ከውጭው አየር ጋር ካልተስተካከለ ምስሉ ይርገበገባል። በመስኮት መስታወት አሻግራችሁ ግን አትሞክሩ።

ከአዲስ አበባ
ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ፣ እዚህስ ለኛ የሚያውስ ይኖራል?

የፊዚክስ መምህር
እ.ኤ.አ. በ2004 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ጋ ሂድ፣ በትምህርት ቤቶችና በዩኒቨርሲቲዎች ክበባት አሉት። የእንጦጦዎቹ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች የምርምር ናቸው። እስከዚያው 10 በ50 የሚባል ባይኖኩላር ከሰው ብታገኝ ክርንህን አጥር ላይ አስደግፈህ የጁፒተርን ጨረቃዎች ታያለህ። የሳተርን ቀለበት ግን በእሱ አይሆንም።

ጠያቂዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ልቤ አረፈ። ቤተ መጻሕፍቱ ጋ ነገ እደውላለሁ፣ ወደ ምልከታው ምሽትም እንሄዳለን። አንድ ነገር ብቻ፤ ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ነው መሄድ ያለብን?

የክለብ አባል፣ ፌርፋክስ
አይደለም። ለሳተርን ጨረቃ ኖረች አልኖረች ለውጥ የለውም፣ ሳተርን ራሱ በዚያ ሰዓት ከአድማስ በላይ መሆኑን ብቻ ስልክሽ ላይ ስቴላሪየም በሚባለው አፕ እዪ። ጨረቃን ራሷን ለማየት ደግሞ ግማሽ በሆነች ሰሞን ሂዱ፣ ብርሃኑና ጨለማው በሚገናኙበት መስመር ላይ የጉድጓዶቹ ጥላ ረዝሞ ይታያል። ሙሉ ስትሆን ጥላ የለም፣ ዓይን ብቻ ታጭበረብራለች።