ክርክር፦ የአዲስ አበባ ጋለሪ ደጁ ለማን ነው?

የስድስት ኪሎ ሰው፦ ትናንት በሬዲዮ አንድ እንግዳ «የአዲስ አበባ ጋለሪ ለፈረንጅ የተከፈተ ሱቅ ነው፤ ሕዝቡ ደጁን አይረግጥም» ሲሉ ሰምቼ ደሜ ፈላ። እኒህ ሰው መካኒሳ ወርደው ዞማ የሚባለውን የጥበብ ቦታ አይተዋል? በ2011 ዓ.ም. የተከፈተው ያ ግቢ ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው። የሠዓሊ ኤልያስ ስሜን ሥራስ ቀርበው አይተዋል? ከምናለሽ ተራ የተለቀመ የኤሌክትሪክ ሽቦ ተጎንጉኖ፣ በእንጨት ላይ ጥብቅ ተደርጎ ተያይዞ። ይህ ነው የፈረንጅ ሱቅ?

ለምለም ከሳሪስ፦ ዞማ ሙዚየም ነው። እንግዳው የተናገሩት ሥዕል ስለሚሸጥባቸው ስለ መሸጫ ጋለሪዎቹ ነው፤ እውነታቸውን ነው። ከመሸጫዎቹ አንዱ ጋ ሄጄ ጥበቃው «ማንን ፈልገሽ ነው?» አለኝ። ሥዕል ፈልጌ ነው!

ሠዓሊው፦ «መሸጫ» ስትይ ነውር አስመሰልሽው። ካልተሸጠ ሸራና ቀለም በምን ይገዛል? አዲስ ፋይን አርት የሚባለው ጋለሪ በ2008 ዓ.ም. እዚህ ተከፍቶ በኋላ ለንደንም ገባ፤ የእኛ ሠዓሊ ስሙ የተጠራው እንዲህ ባለ ሥራ ነው። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በቬኒስ ቢየናሌ፣ በጣሊያኑ ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ትርዒት፣ የራሷን ቦታ ስታገኝ ሠዓሊ ተስፋዬ ኡርጌሳ ነው የወከላት፤ የአለ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ፍሬ ነው።

ለምለም ከሳሪስ፦ በተስፋዬ እኔም እኮራለሁ። ጥያቄዬ ግን ደጁ ነው። ታደሰ መስፍን የጉሊት ሴቶችን ይሥላሉ፤ ረጃጅም፣ ሸራውን ሞልተው የቆሙ፣ ግርማ ያላቸው። ሥዕሉ ለንደን ድረስ ይሰቀላል። የጉሊቷ እናት ራሷን በሸራ ላይ ያየችው መቼ ነው?

የስድስት ኪሎ ሰው፦ ማን ከለከላት? እነዚህ ጋለሪዎች መግቢያ አያስከፍሉም።

ለምለም ከሳሪስ፦ ወንድሜ፣ የጥበቃውን ዓይን አልፎ መግባት ክፍያ አይደለም?

የካዛንችስ ልጅ፦ ደጁ ክፍት የነበረ ቤት እኮ ነበረን። ፈንድቃ አዝማሪም ሥዕልም በአንድ ጣሪያ ሥር ነበር፤ ሙዚቃ ሊሰማ የገባ ሰው ሥዕል አይቶ ይወጣል። ካዛንችስ ሲፈርስ እርሱም ፈረሰ። ያን ጊዜ ስለ ደጅ የምትከራከሩት የት ነበራችሁ?

ሠዓሊው፦ እኔ እዚያው ነበርኩ፤ ወንድሜ፣ የማታውቀውን አትናገር። ደግሞ የፈንድቃን ጉዳይ ከዚህ ጋር አታምታታ።

የካዛንችስ ልጅ፦ ምኑን አምታታሁ? ሕዝቡ ደጁን የረገጠው ቤት ነው የፈረሰው!

የስድስት ኪሎ ሰው፦ ወደ ነገሩ እንመለስ። በዓለም የታወቀችው ሠዓሊ ጁሊ ምሕረቱ በ2008 ዓ.ም. እዚሁ ስድስት ኪሎ በገብረ ክርስቶስ ደስታ ማእከል ሥራዋን አሳይታለች። የዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው፤ ሱቅ አይደለም።

ለምለም ከሳሪስ፦ የዩኒቨርሲቲ ግቢ በርም ጥበቃ አለው። ይልቅ አንድ ነገር ንገረኝ፦ ከሥዕሉ ጎን የሚለጠፈው መግለጫ በአማርኛ የተጻፈበትን መሸጫ ጋለሪ ታውቃለህ? እኔ የገባሁባቸው ሁሉ በእንግሊዝኛ ብቻ ነው።

ሠዓሊው፦ ሥዕል መግለጫ አያሻውም።

ለምለም ከሳሪስ፦ ታዲያ ለፈረንጁ ለምን ተጻፈለት?