ከአሰብ የመጣችው ነጭ "ድንጋይ" እንስሳ ናት እንዴ?

የኮዬዋ እናት፦ ሰላም ለሁላችሁ፣ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው። አባቴ ድሮ አሰብ ሲሰራ ይዟት የመጣ ነጭ ነገር ቡፌ ላይ አለች፣ ጠጋ ብላችሁ ስታዩዋት ላይዋ በሙሉ ጥቃቅን ቀዳዳ ነው፣ እያንዳንዱ ቀዳዳ ውስጥ ደግሞ እንደ ኮከብ የተከፋፈለ ስስ ግድግዳ አለ። ሰባተኛ ክፍል ያለው ልጄ ኮራል ነው፣ እንስሳ ነው ይለኛል፣ ለኔ ግን ድንጋይ ነው። ደሞስ ባህር ስር ድንጋይ ላይ ምን ይኖራል፣ ምንስ ይበላል? እኔ ባህር አይቼ አላውቅም እባካችሁ አስረዱን

መምህር ዘሰበታ፦ እህቴ ልጅሽ ልክ ነው፣ ጎበዝ በይልኝ። በየቀዳዳው ፖሊፕ የሚባል ለስላሳ ትንሽዬ እንስሳ ይኖር ነበር፣ ከባህሩ ውሃ ካልሲየም እየወሰደ ከስሩ ኖራ ይሰራል፣ አንዱ ሲሞት ሌላው እላዩ ላይ ይቀጥላል፣ እንዲህ እያለ በሺህ ዓመታት ትልቅ አለት ይሆናል። አንቺ ጋ ያለው አፅሙ ነው። ምግቡን በተመለከተ ማታ ማታ ክንዶቹን ዘርግቶ በውሃው የሚንሳፈፉ ደቂቅ እንስሳትን ይይዛል፣ አብዛኛውን ግን የሚያበላው ሰውነቱ ውስጥ የሚኖር አልጌ የሚባል በዓይን የማይታይ ደቂቅ ነገር ነው፣ በፀሐይ ብርሃን ስኳር ይሰራለታል። ለዛ ነው እንዲህ ያለው ኮራል ጥልቅ ባህር ውስጥ ሳይሆን ብርሃን በሚደርስበት የሚበዛው። ውሃው ከለመደው ከፍተኛ ሙቀት በ1 ዲግሪ ብቻ በልጦ ለሳምንታት ከቆየ አልጌውን ያስወጣዋል፣ ነጭ ሆኖ ይራባል፣ ካልቀዘቀዘለት ይሞታል። በጣም የሚያሳዝን ነገር ነው

የጅቡቲ መስመር፦ እኔ ሹፌር ነኝ፣ ጅቡቲ ጭነት ስንጠብቅ ዋና እገባለሁ። ወገኖቼ ውሃው ውስጥ ዝም ያለ እንዳይመስላችሁ፣ ጆሯችሁን ስትነክሩ ቅርጥ ቅርጥ ይላል፣ በቀቀን የሚመስል አፍ ያለው አረንጓዴ ሰማያዊ ዓሣ አለቱን እየጋጠ ነው። የሚፈልገው እላዩ ያለውን አልጌ ነው፣ ድንጋዩን ግን አብሮ ይፈጭና ከኋላው ነጭ አሸዋ ሆኖ ሲወጣ በአይኔ አይቻለሁ!! ስንጥቁ ውስጥ ቀን ቀን ጥቁር እሾሃም የሆነ ክብ ነገር ተደብቆ ይውላል፣ እሱን እንዳትረግጡ። ሌላ ደግሞ ትልቁ ዓሣ አፉን ከፍቶ ይቆማል፣ ጣት የምታክል ዓሣ ገብታ ጥርሱን አፅድታ ትወጣለች፣ አይበላትም። ከህዳር እስከ ጥር ታጁራ ባህረ ሰላጤ ከሄዳችሁ ደግሞ ከዓሣ ሁሉ ትልቁን፣ ነጠብጣቡን ሻርክ ታያላችሁ፣ ሰው አይነካም

ልጅ አፋር፦ ባህር የለንም እያልን ኮራልስ አለን እኮ! ከ120 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ቀይ ባህር ደናክል ዝቅታ ውስጥ ገብቶ ነበር፣ ተቆርጦ ሲቀር ደረቀና ጨው ቀረ፣ በጨው ሜዳው ዳር ዳር ግን የዛ ዘመን ኮራል ከነቅርፁ አፈሩ ላይ ቆሟል። በኤርትራ በኩል አብዱር የሚባል ቦታ ደግሞ እንደዚሁ ያለ የጥንት ሪፍ (የኮራል አለት) ውስጥ የሰው የድንጋይ መሳሪያ ተገኝቷል፣ በ2000 እንደ ፈረንጆቹ ነው ይፋ የሆነው። ኦይስተር የሚባለውን ቅርፊት ያለው የባህር እንስሳና የመሳሰሉትን ይበሉ እንደነበር ይገመታል

የኮዬዋ እናት፦ እግዚአብሔር ይስጣችሁ 🙏 ልጁ አጠገቤ ሆኖ እያነበበ ነው። ለክፍሉ አሳይ ተብሏል፣ ሌላ ከጅቡቲ ገዝተን ብናስመጣስ?

መምህር ዘሰበታ፦ አትግዙ እህቴ፣ በህይወት ያለውን ሰብረው ነው የሚሸጡት፣ ድንበር ለማሻገርም በዓለም አቀፍ ስምምነት ፈቃድ ይጠየቅበታል። ያለችው በቂ ናት። ከስሯ በማይታይ ቦታ አንድ ጠብታ አቼቶ ያድርግባት፣ አረፋ ታወጣለች፣ የእንቁላል ቅርፊት ላይም እንደዛው፣ ግቢያችሁ ያለው ጥቁር ድንጋይ ላይ ግን ምንም የለም። ከዛ በውሃ ጥሩ አድርጎ ይጠባት፣ አለዚያ የአቼቶው አሲድ ይበላታል