የዋጋ ገጻችንን አጎቴ ማየት፣ ዓይነ ስውሩ ጓደኛዬ መስማት አልቻሉም፤ ምን ላስተካክል?

የደጀኑ ልጅ (ደብረ ማርቆስ)፦
እንዴት ሰነበታችሁ። ለአንድ የገበሬዎች ዩኒየን ድረ ገጽ ሠርቼ ላስረክብ ሁለት ሳምንት ቀርቶኛል። የጤፍ፣ የስንዴና የበቆሎ ዋጋ በየሳምንቱ ይለጠፍበታል፤ አዲስ አባልም ይመዘገብበታል። ላፕቶፔ ላይ ሲታይ ሙሽራ ነው። ቅዳሜ ደጀን ወርጄ ለአጎቴ በራሱ ስልክ ከፈትኩለት። ደጅ ተቀምጠን ነበር፣ ፀሐዩም ያቃጥላል። ስልኩን ክንዱ እስከቻለ አራቀው፣ በመዳፉ ጥላ ሠራለት፣ ከዚያ «ባዶ ወረቀት ነው እንዴ የሰጠኸኝ?» አለኝ። ፊደሉ ግራጫ ነው፤ የቀለም ቁጥሩ #999999፣ በነጭ ላይ፣ መጠኑ 14 ፒክስል።

ዓይነ ስውር የሆነ አስተማሪ ጓደኛዬ ደግሞ በኮምፒውተሩ ሞክሮ «ዋጋው የታለ?» ብሎ ደወለ። ዋጋው ከዩኒየኑ ቴሌግራም የማወርደው ፎቶ ነው። ሦስተኛው ጣጣ መመዝገቢያው ነው፤ የልደት ቀን ሲነካ የሚከፈተው የፈረንጅ ካላንደር ነው። ከየት ልጀምር?

ጮቄ (ቢቸና)፦
አጎትህ አልተሳሳቱም። ደብሊውሲኤጂ የሚባለው ዓለም አቀፍ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ለተራ ጽሑፍ በፊደሉና በጀርባው መካከል ቢያንስ 4.5 ለ1 የብርሃን ልዩነት ይጠይቃል። ያንተ 2.8 ገደማ ነው። #767676 ብታደርገው ለጥቂት ታልፋለህ። ግን የኛ ሰው ስልኩን የሚከፍተው እርሻ ዳርና ገበያ መሐል ነው፤ መስታወቱ የተሰነጠቀ፣ ብርሃኑም ባትሪ ለመቆጠብ የተቀነሰ። ስለዚህ #595959 አድርገው፣ 7 ለ1 ይሰጥሃል። እኔ ብሆን ጥርት ያለ ጥቁር አድርጌ እገላገል ነበር።

መጠኑ ሌላ ነው። የኛን ፊደል ከፊደል የምትለየው ቅንጣት ነገር ናት። «ሊ»ን ከ«ሌ» የምትለየው እግሩ ላይ ያለችው ቀለበት አይደለችም? በ14 ፒክስል ቀለበቷ ትደፈናለች፤ አወፍረህ ከጻፍከውማ ጨርሶ ትጠፋለች። ከ18 ጀምር፣ የመስመሩን ክፍተት 1.6 አድርገው። ለስልክ ብለህ ከባድ ፎንት አትጫን፤ አሁን ያሉት አንድሮይዶች የግዕዝ ፎንት ይዘው ነው የሚመጡት።

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)፦
ወንድምዓለም፣ እኔም ዓይነ ስውር ነኝ፤ ኤንቪዲኤ ነው የምጠቀመው። በነጻ የሚገኝ የዊንዶውስ ስክሪን ሪደር፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ነው። ጓደኛህ የሰማውን ልንገርህ፦ «ግራፊክ» ብሎ ያልፋል። ፎቶውን ሊንክ ካደረግኸውማ የፋይሉን ስም ቁጥር በቁጥር ይዘረግፍብናል።

ለፎቶው መግለጫ ጻፍለት የሚልህ አይጠፋም። ለመልክዓ ምድር ፎቶ ደግ ነው፤ ለዋጋ ዝርዝር ግን አይሆንም። ቁጥሮቹን በእውነተኛ ሠንጠረዥ አስገባ፣ የዓምድና የረድፍ ርእሶቹንም ‹ቲኤች› በሚባለው የኮድ ምልክት አድርጋቸው። ያኔ «ማኛ ጤፍ» ላይ ቆሜ ወደ ቀኝ ስሄድ «ዋጋ በኩንታል» ይልና ቁጥሩን ያስከትላል። ርእስ ከሌለው ቁጥሩ ባዶውን ይመጣል፤ የጤፍ ይሁን የበቆሎ በምን አውቃለሁ?

ሌላም አለ። የገጽህን ኮድ የመጀመሪያ መስመሮች እያቸው። የተዘጋጀ የገጽ አብነት ገልብጠህ ከሆነ የቋንቋው መለያ እንግሊዝኛ እንደሆነ ቀርቷል። ወደ ‹ኤ-ኤም› ቀይረው፣ ሁለቱን የላቲን ፊደላት ማለቴ ነው። ከኤንቪዲኤ ጋር የሚመጣው ኢስፒክ የሚባለው የንባብ ድምፅ አማርኛ ያነባል። ድምፁ እንደ ቆርቆሮ ነው፣ ግን ይገባል።

ፍኖተ ኮድ (ፍኖተ ሰላም)፦
ምን አደከመህ? አንዲት መስመር ኮድ ጨምረህ ጥግ ላይ የተሽከርካሪ ወንበር ምልክት የምታወጣ ፕለጊን፣ ገጹ ላይ የምትቀጠል ትንሽ ፕሮግራም አለች። ፊደሉን ታሳድጋለች፣ ቀለሙን ትቀይራለች፣ አለቀ።

ጣና ዳር፦
አላለቀም እንጂ። ፊደል ማሳደግ ስልኩም ያውቅበታል። ፎቶ ውስጥ ያለውን ዋጋ አውጥታ ሠንጠረዥ አትሠራልኝም። እንዲያውም አንዳንዶቹ ከስክሪን ሪደሬ ጋር ይጣሉና ገጹን ጥዬ እንድወጣ ያደርጉኛል። ቤቱ በር ሳይኖረው ጥግ ላይ ደወል መስቀል ነው።

የሞጣው፦
ስለ ካላንደሩ። ከብራውዘሩ ጋር የሚመጣው የቀን መምረጫ የጎርጎርዮስን ብቻ ነው የሚያውቅ፤ ተወው። ለቀን፣ ለወርና ለዓመት ሦስት ሣጥን አብጅ። ወሩ ላይ ጳጉሜን እንዳትረሳ፤ 12 ወር ብቻ ባለው ፎርም ተመዝገቡ ተብዬ ጳጉሜ 3 የተወለደች ልጄን መስከረም አስወልጃታለሁ። ዓመቱን ለ4 አካፍለህ 3 ከተረፈ ዘመነ ሉቃስ ነው፣ ጳጉሜ 6 ትሆናለች፤ 2015 እንደዚያ ነበር። በሌሎቹ 5 ናት።

ግን ልጠይቅህ፤ የልደት ቀኑ ለምንህ ነው? ገበሬውን ዕድሜውን ብቻ ብትጠይቀው ምን ይጎድልሃል? የማያስፈልግ ጥያቄ ሁሉ አንድ ሰው ከመንገድ ያስቀራል። ስሙንም «የቤተሰብ ስም» አትበል፣ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም በል። የሣጥኑን መጠሪያ ደግሞ ሣጥኑ ውስጥ በግራጫ አትጻፍ፣ መጻፍ ሲጀምሩ ይጠፋባቸዋል፤ ከሣጥኑ በላይ ይቀመጥ።

ጮቄ፦
መፈለጊያ ካለው አንድ ነገር ልጨምር። «ማኅበር»፣ «ማሕበር»፣ «ማህበር» ብሎ የሚጽፍ አለ፤ ለኮምፒውተሩ ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ሰው የጻፈውንም አንተ ያስቀመጥከውንም ሐን፣ ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነዘራቸው መልሰህ አወዳድር። የሚታየውን ጽሑፍ ግን አትንካው። «ሽንብራ»ና «ሽምብራ» በዚህ አይፈቱም፤ እነሱን በእጅህ አጣምር።

የደጀኑ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሠንጠረዡን ሠራሁት፣ ፊደሉን አጠቆርኩት፣ የልደት ቀኑን ዩኒየኑን አስፈቅጄ አወጣሁት። ጓደኛዬ ትናንት ማታ ዋጋውን በስልክ እያነበበ አሰማኝ። አጎቴ ጋ ዛሬ ሄጄ እዚያው ደጅ ከፈትኩለት። አነበበው፤ አንብቦም «ይኼ እኮ ያለፈው ሳምንት ዋጋ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አላደስኩትም።

የሞጣው፦
ካለ ቀን ዋጋ መለጠፍ ነው እሱ! ከሠንጠረዡ አናት ላይ «የሰኞ የካቲት 9 ዋጋ» ብለህ ጻፍ። ሰዓትም ካወጣህ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» በል፤ 3 ብቻ አይበቃም።