«ተባረርኩ» ከማለታችሁ በፊት፦ ሌይኦፍ ነው ወይስ ፋየር?

ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት አንዷ እህታችን «ከሥራ ተባረርኩ፣ አነምፕሎይመንት (ሥራ ላጣ ሰው የሚከፈለውን ድጎማ) ይሰጡኛል ወይ?» ብላ ስትጠይቅ የራሴ ጉድ ትዝ አለኝ።

አሜሪካ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት አንድ ዌርሃውስ እሠራ ነበር። የገና ገበያ እንዳለፈ ሥራው ቀዘቀዘና የማታ ፈረቃውን በሙሉ አሰናበቱን። የማንም ጥፋት አልነበረም። እኔ ግን የአነምፕሎይመንት ማመልከቻ ፎርሙ ላይ ሥራ ያቆምኩበትን ምክንያት ሲጠይቀኝ «ፋየርድ» የሚለውን መረጥኩ። በአማርኛዬ ተባርሬያለሁ፣ አለቀ! ከዚያ ከአነምፕሎይመንት ቢሮው ስልክ መጣ፤ ምን አጥፍተህ ነው፣ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶህ ነበር ወይ፣ ከአለቃህ ጋር ተጣልተሃል ወይ። ነገሩ እስኪጣራ ክፍያው ቆየና የዚያን ወር የቤት ኪራይ ተበድሬ ከፈልኩ።

ሌይኦፍ ሲሉ ሥራው ጠፋ ወይም ድርጅቱ ሰው ቀነሰ ማለት ነው፣ ሰበቡ እነሱ ጋ ነው። ፋየር ሲሉ ግን ሰበቡ አንተው ነህ፤ አርፍደሃል፣ ሥራው አልሆነልህም፣ ደንብ ጥሰሃል። እኛም እኮ ቃሉ አለን፤ የሀገር ቤቱ አሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ራሱ «የሠራተኛ ቅነሳ» ነው የሚለው። አፋችን ላይ የሚቀድመው ግን «ተባረርኩ» ነው።

ፋየር ተደርጋችሁም ከሆነ ማመልከቻውን አትተዉ። ሕጉ በየስቴቱ ቢለያይም ዋናው ጥያቄ «ሚስኮንደክት»፣ ማለትም እያወቁ የሠሩት ጥፋት ነበረ ወይ ነው። ሥራው ስላቃታችሁ ብቻ ከተሰናበታችሁ በብዙ ስቴት ሊከፈላችሁ ይችላል። ያለ በቂ ምክንያት በገዛ ፈቃድ መልቀቅ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያስከለክላል፣ ስለዚህ አለቃችሁ «ራስህ ብትለቅ ለስምህ ይሻላል» ሲላችሁ እሺ ብላችሁ ቶሎ አትፈርሙ። ደብዳቤው ላይ «ተርሚኔሽን» (የሥራ መቋረጥ) የሚለውን ስታዩም አትደንግጡ፣ ለሌይኦፍም ለፋየርም የሚያገለግል ቃል ነው። ምክንያቱ የተጻፈበትን መስመር ፈልጉ፤ ከሌለ ኤችአርን (የሠራተኛ አስተዳደር ክፍሉን) በጽሑፍ ጠይቁ።

እንግሊዝ ያላችሁ ደግሞ እናንተ ጋ ለቅነሳው የሚጠቀሙት «ሪዳንደንት» የሚለውን ነው። እዚያ 2 ዓመት የሠራ ተቀጣሪ በቅነሳ ሲወጣ በሕግ የተወሰነ ካሳ አለው፤ እኛ ጋ አሜሪካ ግን እንዲህ ያለ ነገር በፌዴራል ሕግ የለም።

እህቴ፣ ያንቺ ደብዳቤ ምን ይላል? ስምሽንና ቁጥርሽን ትተሽ ምክንያቱን ብቻ ቃል በቃል ጻፊልን።