ኮምጣጤ ኤች ኤፍ ውስጥ ገብቶ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል እንዴ?

ከጦሳ ስር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ነኝ፣ ኬሚስትሪ ሁለተኛ ዓመት። ፈተና ላይ «አሴቲክ አሲድ (የኮምጣጤው አሲድ) ፈሳሽ ሃይድሮጅን ፍሎራይድ (ኤች ኤፍ) ውስጥ ሲሟሟ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል ወይ?» የሚል መጣ። እኔ ደግሞ ኮምጣጤ ውሃ ውስጥ እንኳ ደካማ አሲድ ነው፣ ከሱ የባሰ አሲድ ውስጥ ገብቶማ ጭራሽ ፕሮቶን (ኤሌክትሮኑን ያጣ ሃይድሮጅን) አይለቅም ብዬ «አያስተላልፍም» አልኩ። ኤክስ! መምህሩ «በደንብ ያስተላልፋል» ብሎ ወጣ። ለምን? አላለም። ተናድጃለሁ።

ቦርከና፦
አብሽር ወንድሜ፣ ግማሹን አግኝተኸዋል። ፕሮቶን አይለቅም፣ እውነት ነው። ግን ይቀበላል! እዚያ ቤት ኮምጣጤ ቤዝ ነው። ኤች ኤፍ ፕሮቶኑን ሲሰጠው የተረፈው ፍሎራይድ ሌላ ኤች ኤፍ ይለጥፍና ባይፍሎራይድ ይሆናል። ይኸው ኤሌክትሪክ የሚሸከም ፖዘቲቭም ኔጌቲቭም አዮን አገኘህ፣ ከዚያ በላይ ምን ትፈልጋለህ። ናይትሪክ አሲድም ሳይቀር እዚያ ቤዝ ነው። ውሃም እንደዚያው፣ ጠብታ ከገባች አስተላላፊነቱ ወዲያው ከፍ ይላል። አሲድ መሆን የሚችለው ፍሎራይድ የሚነጥቅ ነው፣ እንደ አንቲሞኒ ፔንታፍሎራይድ ያለ።

ከጦሳ ስር፦
እሺ ገባኝ። ጨውስ? ዳይኤሌክትሪክ ኮንስታንቱ (አዮኖችን የመለያየት አቅሙን የሚያሳየው ቁጥር) በ0 ዲግሪ 84 ገደማ ነው ይላል፣ ከውሃ ብዙም አይርቅም። ታዲያ ጨው እንደ ውሃው ዝም ብሎ አይሟሟም?

የባቲ መንገድ፦
አሞሌ ቆርሰህ ብትጥልበት መጀመሪያ የምታየው አረፋ ነው። ክሎራይዱ ሃይድሮጅን ክሎራይድ ጋዝ ሆኖ ይወጣል፣ ምክንያቱም እሱ ራሱ ኤች ኤፍ ውስጥ ብዙ አይሟሟም። የሚቀርልህ የፍሎራይድ ሙሙት ነው። ስለዚህ አስተላላፊነቱን ለክተህ «የሶዲየም ክሎራይድ ነው» ብትል ራስህን ሸወድክ። ፍሎራይዶቹ ራሳቸው እኩል አይደሉም። 100 ግራም ውሃ ሶዲየም ፍሎራይድን 4 ግራም ያህል ነው የሚያሟሟው፣ ኤች ኤፍ ግን 30 ግራም ገደማ። ካልሲየም ፍሎራይድ እዚያው ኤች ኤፍ ውስጥ 1 ግራም እንኳ አይሞላም። አሉሚኒየም ፍሎራይድማ እንደ ድንጋይ ቁጭ ይላል።

ቦርከና፦
እዚህ ላይ የሞይሳን ታሪክ ይጨመርበት። ፈረንሳዊው ሰውዬ በ1886 ፍሎሪንን ለብቻው ያወጣው በዚህ ነገር ነው። ንጹህ ኤች ኤፍ ራሱን በጣም ጥቂት ስለሚበትን ኤሌክትሪክ እምብዛም አያሳልፍም። ፖታሲየም ባይፍሎራይድ አሟሟበት፣ ከዚያ አሳለፈ። ዕቃው ፕላቲነም ነበር።

ከጦሳ ስር፦
ላብ ውስጥ ትንሽ ብንሞክረውስ?

የባቲ መንገድ፦
ወላሂ እንዳታስበው! የሚፈላው በ19.5 ዲግሪ ነው፣ ኮምቦልቻ በቀትር ጠርሙሱን ስትከፍት ይፈላብሃል። ደሴ ይበርዳል ብለህ አትጽናና፣ ከፍታው ላይ የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ ከዚያም ዝቅ ብሎ ይፈላል። ለነገሩ ጠርሙስ ራሱ አይሆንም፣ ብርጭቆ ይበላል። ቴፍሎን ነው የሚይዘው። ቆዳ ከነካ ደግሞ ውስጥ ገብቶ ካልሲየምህን ይነጥቃል፣ ቀጠን ያለው መጀመሪያ ላይ ላያምህም ይችላል፣ ክፋቱ እሱ ነው።

ከጦሳ ስር፦
በቃ በወረቀት ይሁንልኝ። ነገ የፈተና ወረቀቴን ይዤ እሄዳለሁ፣ «ፕሮቶን አይለቅም» ያልኩት ግማሽ ነጥብ አያስሰጥም?

ቦርከና፦
«ስለዚህ አያስተላልፍም» ባትል ኖሮ።